«ቱ ሻይ» ብሎኝ ሙሉ ቀን አፍሬ ዋልኩ

የመጋዘኑ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። የደረሰብኝን ላጫውታችሁና ከሳቃችሁ በኋላ ትረዱኛላችሁ።

አሜሪካ ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ካርቶን እየቆጠርኩ ፓሌት ላይ እደረድራለሁ። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሲያወራ ግማሹን ቃል ይውጠዋል። ዛሬ ጠዋት አንድ ፓሌት ጨርሼ በላስቲክ ስጠቀልል መጣ። ካርቶኖቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ከዚያ ዞር ብሎ «ዩ አር ቱ ሻይ» አለኝ።

ሻይ ማለት ዓይን አፋር መሆኑን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። «በጣም ዓይን አፋር ነህ» ያለኝ መሰለኝ። ሐሰትም የለውም። ስብሰባ ላይ አልናገርም፤ ምሳዬንም የምበላው ጥግ ይዤ ነው። ስለዚህ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ይቅርታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ብዙ አወራለሁ» አልኩት።

ዝም ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ሁለት ጣቱን ቀስሮ ወደ ፓሌቱ አመለከተ። 50 መሆን የነበረበት ካርቶን 48 ነው። ለካ «ቱ» ያለው ቁጥሩን ነው። ሁለት ይጎድልሃል ማለቱ ነው! አጠገቤ የነበረው የኤል ሳልቫዶር ልጅ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፎርክሊፍቱ መሪ ላይ ተደፋ።

ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት «ዓይን አፋር» ብሎ ያበቃል። ይህ ቃል ስንት ፊት ነው ያለው? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ጉድ እንዳልሰማ።

---

ቡና ጠጪ (አዲስ አበባ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:58

ሰባተኛ ክፍል እያለን መምህራችን አንድ ልጅ አስነሥቶ «አይ አም ሻይ» በል አለው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ቲቸር፣ እኔ እንኳን ቡና ነኝ» አለ። ክፍሉ ተናጋ። አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ «ቡና» እንጂ በስሙ የሚጠራው የለም። አንተ በአንድ ቀን ሐፍረት ተገላግለሃል፤ አመስግን።

---

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

ልጄ፣ የሚያሳፍር ነገር አልሠራህም። በርካታ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህንን ከቁጥር ሲጎድል «ሻይ ኦፍ» የሚሉትን አንድ ቀን እንኳ ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩትም። ዕዳው የእኛም ነው። ሁለቱን «ቱ»ዎች ደግሞ የአገሩ ሰውም በጆሮው አይለያቸውም። የሚለየው ከወሬው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። በድሮው እንግሊዝኛ ትርጉሙ ሐፍረት አልነበረም። «ቶሎ የሚደነግጥ» ማለት ነበር። ዛሬም ፈረስ «ሻይ» አደረገ ካሉህ ደነበረ፣ በረገገ ማለታቸው ነው። ፈረስ ምን ያሳፍረዋል? ለሰው ሲሆን ነው ሐፍረቱ የመጣው፤ እሱም ቆይቶ። የደነገጠ እንስሳ ወደ ኋላ እንደሚል፣ ሰው ፊት መቅረብ የሚጨንቀውም ወደ ኋላ ይላል። «ሻይ አዌይ» ሲሉ ከአንድ ነገር መሸሽ፣ መሸሸግ ነው። የአንተ ካርቶንም ከ50 ወደ ኋላ ቀረ። ስለዚህ አራት ቃል አድርገህ አትሸምድደው። አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ወደ ኋላ ማለት።

የኛን ቃል ደግሞ ልብ በልልኝ። እንግሊዞች ነገሩን እግር ላይ አስቀመጡት፤ አማርኛ ዓይን ላይ አስቀመጠው። ዓይኑ የሚያፍር ሰው ዓይን አፋር ነው። የማያፍረው ዓይን አውጣ፣ ዓይነ ደረቅ ይባላል። የባሰበት ደግሞ «ዓይኑን በጨው ያጠበ» ነው። ሁሉም ዓይን ነው! ስለዚህ መዝገበ ቃላትህ አልዋሸም። የቃሉን አንዱን ጎን ብቻ ነው ያየው።

ለጎደለው ቁጥርም ቃል አጥተን አይደለም። ሰዓት ሲጠይቁህ «ለሦስት አምስት ጉዳይ» ትል የለም? ጉዳይ የምንለው የጎደለውን ነው። አለቃህ ያለህን እንዲህ ብለህ ስማው፦ ለሃምሳ ሁለት ጉዳይ ነህ።

---

የመጋዘኑ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ለሃምሳ ሁለት ጉዳይ! ጋሼ፣ በዚህ አነጋገር ቢያስተምሩኝ ኖሮ ዛሬ ባላወራሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

---

ፈረሰኛው (እንጅባራ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

መምህር ፈረስ ሲያነሡ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ ጋ ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት ፈረሱ ሁሉ አጊጦ ሜዳ ይወጣል። ታዲያ ከበዓሉ በፊት ዋናው ሥራችን ፈረሱን ከድንበራ ማላቀቅ ነው።

እንዴት እንደሚደነብር ልንገራችሁ። አምና አንድ ወጣት ፈረስ እየገራሁ ነበር። ጥቁር ፌስታል ከአጥር ሥር ብድግ አለ። መጀመሪያ ጆሮዎቹ ቀጥ አሉ። አንገቱ ደነደነ። አፍንጫው ተነፋ። እኔ ይህንን አይቼ ልጓሙን ላላ ሳደርግ፣ እሱ አራት እግሩን ባንድ ጊዜ አንሥቶ ወደ ጎን ዘለለ። ወደ ኋላ አይደለም መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወደ ጎን ነው! እኔ በነበርኩበት ቀረሁ፤ አየር ላይ ማለቴ ነው።

ፈረስ ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን በሙሉ ያያል ማለት ይቻላል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ትንሽ ቦታና ከጭራው ኋላ ነው። ከዚያ የማይታይ ቦታ የወጣ ነገር ሁሉ ለሱ ጅብ ነው። የደነበረን ፈረስ መምታት ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው። በሚቀጥለው ፌስታሉንም አለንጋውንም ይፈራል። «ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የተባለው ለዚህ ነው። እኔ ወርጄ ፌስታሉን በእጄ አንሥቼ ሦስት ቀን ሙሉ ሣር ሲግጥ አጠገቡ አንጠልጥዬ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ሊበላው ዳዳው።

ዓይን አፋር ልጅም እንደዚያው ይመስለኛል። እኔ ግን ልጅ ገርቼ አላውቅም።

---

የፍራንክፈርቷ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:05

ጀርመንኛም ይህ ቃል አለው። «ሾይ» ይሉታል፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ወንድማማች ናቸው። እዚህ ትርጉሙ ድንጋጤውን ይበልጥ እንደያዘ ነው። ሰው ሲደርስበት የሚሸሽ የዱር አጋዘን «ሾይ» ነው። ዝም ብሎ ሰው ፊት የሚያፍር ልጅ ግን ሌላ ቃል አለው። በጣም የምወደው የማሳ ላይ የወፍ ማስፈራሪያው ስም ነው፤ «ፎገልሾይሸ»። ወፍ አስበርጋጊ እንደማለት። ሲፈራ «ሾይ»፣ ሲያስፈራም ከዚያው ሥር። እኛስ ደነገጠ፣ አስደነገጠ እንል የለ?

ውኃ የሚፈራ ሰው «ውኃ ሾይ» ይባላል፤ በቃሉ ላይ የፈለጉትን እየቀጠሉ ይሄዳሉ። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ፎቶ ሊያነሡት ሲሉ ከሰው ጀርባ የሚደበቅ «ካሜራ ሻይ»፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ጭራውን ሸጉቦ የሚሸሽ የአደን ውሻ «ጋን ሻይ»።

አንዱ ግን ያመኛል። «ወርክ ሻይ» ይላሉ፣ ሥራ የሚሸሽ፣ ሰነፍ ለማለት። ጀርመንኛው «አርባይትስሾይ» ነው። ናዚዎች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1938 በዚህች ቃል ስም ከ10,000 በላይ ሰው አፍሰው ወደ ማጎሪያ ካምፕ አስገብተዋል። ለማኝ፣ ቤት የሌለው፣ ሥራ ያጣ። ልብሳቸው ላይ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ይሰፋላቸው ነበር። እዚህ የሙያ ትምህርት ቤት ስማር መምህራችን ይህንን ነግራን ክፍሉ ጭጭ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ስለ ስደተኛ ሲያወራ ያቺን ቃል ከተጠቀመ ጆሮዬ እንደ ፈረሰኛው ፈረስ ቀጥ ይላል።

---

ሩጫ ወዳድ (አዲስ አበባ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ክብድ አደረግሽው እህቴ፤ ላቅለው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በርሊን ላይ ቀነኒሳ በቀለ ማራቶንን በ2:01:41 ጨረሰ። የኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን 2:01:39 ነበር። ይህንን በእንግሊዝኛ ስታወራው «ቱ ሰከንድስ ሻይ» ትላለህ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ፈረንጅ ጓደኛዬ የላከልኝ መልእክት ላይ ነው። «ሁለት ሰከንድ ዓይን አፋር» ብዬ ተርጉሜ ጓደኞቼን አሣቅኩ። በኋላ ሳስበው ግን ለቀነኒሳ ደስ አይልም? አልቻለም አይደለም፤ ለክብረ ወሰኑ ሁለት ሰከንድ አፍሮለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሻይ ኦፍ» ለጥቂት ነው። ጫፍ ደርሶ ለቀረ። መንገድ ላይ ሳለ ላቋረጠ ሰው አይሆንም።

---

ካርታ አዳዩ (ላስ ቬጋስ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

የጎደለ የሚለው ትርጉም የመጣው ከኛ መሥሪያ ቤት ነው 😂 በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአሜሪካ ቁማርተኞች አፍ የወጣ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም መሐል ላይ ማስቀመጥ ያለበት ገንዘብ አለ። አንዱ ሳያስቀምጥ ወይም አጉድሎ ከተቀመጠ «ሻይ» ነው። እኔ በየማታው ጠረጴዛውን በእጄ መታ እያደረግሁ ላልከፈለው ሰው እላለሁ። አንዳንዱ እውነትም ዓይን አፋር መስሎ ወደ ጣራው ያያል። ያ ግን ዓይን አውጣነት ነው።

---

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ (ዱባይ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:02

አጭበርባሪ ጠበቃ «ሻይስተር» የሚባለውም ከዚሁ ነው። ከሕግ የሚሸሽ ለማለት።

---

የፍራንክፈርቷ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:20

አይደለም ወንድሜ። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1840ዎቹ የወጣ ስድብ ነው። ብዙዎቹ የቃል ተመራማሪዎች ወደ አንድ የጀርመንኛ የመጸዳጃ ቤት ቃል ነው የሚወስዱት። እዚህ አልጽፈውም፤ መምህር አሉ።

---

ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:45

ጻፊው ልጄ፣ እኔም ወታደር ቤት ኖሬያለሁ።

ፈረሰኛው፣ እርማትህን ተቀብያለሁ። ወደ ጎን ነው። እኔ የማውቀው አህያ ነው፤ እሷ ጭራሽ አትንቀሳቀስም።

---

ግላስጎው ያለሁት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ከሁሉ የሚገርመው ገና አልተነሣም። «ሻይ» ማለት መወርወርም ነው!

እዚህ እሑድ እሑድ ኳስ እንጫወታለን። የመጀመሪያ ቀን ኳሷ ከመስመር ወጣች። የስኮትላንዱ ልጅ እጁን አንሥቶ «አወር ሻይ! አወር ሻይ!» እያለ ይጮኻል። እኔ የሻይ ሰዓት ደረሰ ብዬ ወደ ዳር መውጣት ጀመርኩ። ለካ «የእጅ ውርወራው የኛ ነው» ማለቱ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ የእጅ ውርወራ «ሻይ» ነው፤ እስከ ዛሬ።

እንግሊዞች ደግሞ በየባዛሩ «ኮኮናት ሻይ» የሚሉት ጨዋታ አላቸው። ኮኮናቱን እንጨት ላይ ይደረድሩታል፤ ከፍለህ ኳስ ትወረውራለህ፤ ከጣልከው ያንተ ነው። ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ ሄጄ ስድስት ኳስ ወረወርኩ። አንዱ ነካው። ኮኮናቱ ነቅነቅ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ሰውዬው ሲሚንቶ ነው ያሰረው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ።

መነሻው ግን ያሳዝናል። ድሮ እዚህ አገር በቅበላ ማክሰኞ፣ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ አውራ ዶሮ ከግንድ ጋር አስረው ከሩቅ ዱላ ይወረውሩበት ነበር። ገድሎ የጣለው ይወስደዋል። በኋላ ነውር ነው ተብሎ ቀረ፤ ውርወራው ግን በሌላ ነገር ቀጠለ። እኛም በቅበላ ዶሮ እናርዳለን። እንደዚህ ግን አናንገላታውም። የዶሮ ወጥ ባለሙያዋ እናቴ ይህንን ብትሰማ አገሩን ትረግመው ነበር።

ዶሮና ዓይን አፋርነት እንዴት ተገናኙ እንዳትሉኝ። መወርወሩ ከመደንገጡ መጣ የሚሉ አሉ፤ ማንም አላረጋገጠውም።

---

የሁለት ልጆች እናት (ሚኒያፖሊስ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:50

እኔ ስለ ዶሮ አላውቅም። ስለ መጀመሪያው ትርጉም የምለው አለኝ።

ትልቋ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ አስተማሪዋ ጠራችኝ። ትንሽ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። «ልጅሽ ሻይ ናት» አለችኝ። እኔ ደስ አለኝ! አገር ቤት «ልጅሽ ጭምት ናት» ቢሉኝ ምርቃት ነው። «አመሰግናለሁ፣ አያቷን ነው የወጣችው» አልኳት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ከዚያ ወረቀት አወጣች። ንግግር የሚለማመዱበት ቡድን፣ የምክር ባለሙያ፣ ቤት የምሠራው ነገር። ምርቃቱ በሽታ ሆኖ ተገኘ።

ባሌ «የታመመች መሰላቸው እንዴ?» ብሎ ተናደደ። እኔ ግን ልጅቷን አየኋት። ቤት ስትገባ ጎረቤት የሚያስነሣ ወሬ አላት። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይኗን ወደ መሬት ታደርጋለች፤ እኛው ነን ያስተማርናት። አስተማሪዋ ደግሞ «ዓይኔን አታይም» ትላለች። አንዷ ልጅ በሁለት አገር ሕግ እንዴት ትኑር?

ጭምት፣ ቁጥብ፣ ዓይን አፋር፣ ይሉኝታ ያለው፣ ድንጉጥ፣ ፈሪ። እኛ እነዚህን ሁሉ ለይተን እናውቃለን። ፈሪ የተባለ ልጅ ያለቅሳል፤ ጭምት የተባለ ይኮራል። አስተማሪዋ ለሁሉም አንዷን ሻይ ቀዳችልኝ።

---

ቡና ጠጪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:05

«ለሁሉም አንዷን ሻይ ቀዳችልኝ» 👏 እትዬ ጨረሱት።

ግን እኛም ዘንድ ጭምት ሁልጊዜ አይመሰገንም። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» የሚል ተረት ያወጣው የኛው ሰው ነው።

---

ጡረተኛው መምህር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

የሁለት ልጆች እናት፣ የጻፍሽው ሌሊቱን አላስተኛኝም። ይሉኝታን ለብቻው ማየት አለብን። ይሉኝታ ሻይ አይደለም። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ነው፤ ሰው ምን ይለኛል። ዓይን አፋር ሰው ሁለተኛ እንጀራ እያማረው መጠየቅ ያቅተዋል። ይሉኝታ ያለው ግን መጠየቁ አያቅተውም። የሚተወው አስተናጋጇ «ይህ ደግሞ ምን ሆዳም ነው» እንዳትል ነው። ለዚህ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስፈልግ ጡረታ ወጣሁ።

ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ሌላም ነበር፤ «ዋንስ ቢተን፣ ትዋይስ ሻይ» የሚለውን። አንዴ የተነከሰ ሁለቴ ይደነግጣል። የኛው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ነው። «በረየ»ን ከዚህ ተረት ውጭ የሚጠቀምበት ሰው ብዙም አልሰማም። ደነበረ ማለት ነው። እዚህም ላይ «ሻይ» ሐፍረት አይደለም፤ የፈረሰኛው ፌስታል ነው።

---

ችግኝ ሻጯ (ሐዋሳ)
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:40

አንድ ጨምሩ። የአትክልት መጻሕፍት ላይ ጥቂት የሚያብብ ወይም ጥቂት የሚያፈራ ተክልም «ሻይ» ይባላል። ደንበኞቼ «አቮካዶው ለምን አያፈራም?» ሲሉኝ «ዓይን አፋር ነው» ብዬ ልሞክር ይሆን?

---

ቡና ጠጪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:44

ገንዘባቸውን እስኪያስመልሱሽ ድረስ ብቻ።

---

የመጋዘኑ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:20

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን እየሣቅኩ። የኤል ሳልቫዶሩ ልጅ ምን ያሥቅሃል አለኝ። ስለ ዶሮው ነገርኩት፤ ስለ ኮኮናቱም። የኔ እንግሊዝኛና የሱ እንግሊዝኛ ተደምረው አንድ አይሞሉም፤ ግን ገባው። ትናንትና ዛሬ አብረን በላን።

ዛሬ ከሰዓት አለቃው መጣ። ፓሌቴን ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ነበር የጠበቅኩት። በጣቱ እየነካ ቆጠረ። 50። ከሳልቫዶሩ ልጅ ጋር ስናወራም ቆሞ አይቶናል። ትከሻዬን መታ አደረገኝና «ኖት ሻይ» ብሎኝ ሄደ።

የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።